ሕያው ፊት አልተገኘም

ሰኔ 4

ይህ የስምንተኛ ክፍል የሳይንስ ደብተሬ ነው። ግማሹ ስለ ቅጠልና ስለ ሥር ነው፣ ግማሹ ባዶ ቀርቷል። ትምህርቱን መሀል ላይ ስላቆምኩ ደብተሩም መሀል ላይ ቆሟል። ከኋላ ጀምሬ ልጽፍበት ነው። ከፊት የሚከፍተው ሰው ቅጠል ነው የሚያገኘው።

ዛሬ እማዬ ከስብሰባ መጣች። ቤት የሚያከራይ ሁሉ፣ በግሉ የሚሠራም ሁሉ፣ ከእንግዲህ ገቢውን በየሦስት ወሩ በስልክ ያሳውቃል ተብሏል። እስከ ነሐሴ 20 ያልተመዘገበ ይቀጣል። የተሰጣትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ወርውራ ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«አንቺ ነሽ የምታውቂው» አለችኝ። «ቀኑን ሙሉ ስልክ የምትነካኪው አንቺ ነሽ።»

የምነካካው ለሙዚቃ ነው። አላልኳትም።

ሰኔ 6

ቤቱን የሠራው አባዬ ነው። ከፊት ያለችው ክፍል ጸጉር ቤት ናት። ጸጉር ቆራጩ ቀን ይሠራባታል፣ ማታ ወንበሩን ገፋ አድርጎ ይተኛባታል። ጓሮ ሁለት ክፍል አለ፤ በአንዱ ዳቦ ቤት የምትሠራው ሴትዮ፣ በሌላው ሾፌሩ። እኛ መሀል ነን።

አባዬ ሳይታመም ኪራይ የሚባለው ነገር የሚኖረው ጭንቅላቱ ውስጥ ነበር። ማን ከፈለ፣ ማን ግማሹን ሰጠ፣ ማን በራሱ ገንዘብ ቁልፍ አስቀይሮ ይታሰብለታል፣ ሁሉንም ያውቃል። ደረሰኝ ስጠን ሲሉት «ምነው፣ አታምኑኝም?» ይላል። ያምኑታል።

ባለፈው ዓመት ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ እስካሁን አልታዘዘለትም። ፊቱም በቀኝ በኩል ወረደ። ይናገራል፣ ግን ቃሉ ሁሉ እርስ በርሱ ተጣብቆ ነው የሚወጣው። የሚገባት እማዬ ብቻ ናት። እሱ አንድ ድምፅ ያሰማል፣ እሷ ሦስት ዐረፍተ ነገር ትተረጉማለች።

«አባትሽ ምን አለ መሰለሽ፣ በሩን ዝጊው፣ ብርድ ይገባል፣ ደግሞ ሳህኑን ሳታጥቢ እንዳትቀመጪ።»

አንዳንዴ ሳህኑ የራሷ ይመስለኛል።

ሰኔ 9

ቸኩያለሁ። ደረሰኝ ፍለጋ። ወጪ ካላሳየን ኪራዩ በሙሉ ትርፍ ነው የሚባለው። የጣሪያው ቆርቆሮ ደረሰኝ ከአልጋው ሥር ሻንጣ ውስጥ ተገኘ። የቧንቧው የለም። የሲሚንቶው ቀለሙ ለቆ ነጭ ወረቀት ሆኗል። ደጋግሜ ፎቶ አነሳሁት፣ ስልኩ ላይ የጫንኩት የግብር አፕ «ምስሉ አይነበብም» ይለኛል። ለእኔም አይነበብም።

ሰኔ 11

የተከራዮቹን ስምና ስልክ መጠየቅ ነበረብኝ። በራቸው ላይ ቆሜ ሳላንኳኳ ተመለስኩ። እንደገና ሄድኩ፣ እንደገና ተመለስኩ። በመጨረሻ እማዬ ራሷ ግቢው መሀል ቆማ ተጣራችና ሁሉም ወጡ።

ሾፌሩ ፎጣ ትከሻው ላይ እንደጣለ፣ «እትዬ፣ እኔ ያልከፈልኩት የሁለት ወር ኪራይ ስልኩ ላይ ሲገባ ገቢ ነው ወይስ ወጪ?» አላት።

«ዕዳና ዓይን አውጣነት የሚል ቦታ አለው፣ እዚያ ነው የምትገባው» አለችው።

ጸጉር ቆራጩ ከሣቁ ብዛት ምላጩን አስቀመጠ። ሾፌሩም ሣቀ። ዳቦ ቤት የምትሠራው ሴትዮ ግን አልሣቀችም። «ታዲያ ግብሩ ሲታወቅ ኪራይ ይጨመራል ማለት ነዋ?» አለች።

«ማን ይጨምራል? ባለቤቱ ያውና። እሱ ሳይናገር ማን አባቱ ይጨምራል?» አለች እማዬ።

ሴትዮዋ ወደ መስኮታችን አየች። እኔም አየሁ። መጋረጃው ነቅነቅ ያለ መሰለኝ። ነፋስ ይሆናል።

ጸጉር ቆራጩ ስልኩን ሲያስጽፈኝ፣ «ሹክሹክታ፣ ስሜን አስተካክለሽ ጻፊ፣ መንግሥት ቤት ስገባ የመጀመሪያዬ ነው» አለኝ። ሹክሹክታ ያለኝ እሱ ነው። ስናገር አይሰማም ብሎ ነው።

ሰኔ 15

ዛሬ ፊት የሚባለው ላይ ደረስን። መታወቂያ ቁጥር ገባ፣ ስልክ ቁጥር ገባ፣ የክፍሎቹ ብዛት ገባ። ከዚያ ባለንብረቱ ራሱ ፊቱን ለስልኩ ያሳያል። ስልኩ መታወቂያው ላይ ካለው ፎቶ ጋር ያስተያየዋል። እማዬ ማንበብ ስለማትወድ ስልኩን እንዲናገር አደረግኩላት። አንዲት ሴትዮ ናት የምትናገረው፣ በጣም ጨዋ ናት።

«ፊትዎን በክቡ ውስጥ ያድርጉ። ዐይንዎን ገለጥ ጨፈን ያድርጉ። ፈገግ ይበሉ።»

አባዬን በትራስ ደግፈን አስቀመጥነው። ስልኩን ፊቱ ላይ ስይዝለት አንዴ አየ። ከዚያ ዐይኑን ጨፈነ። ጨፍኖ ቀረ።

«ዐይንዎን ይግለጡ» አለች ሴትዮዋ።

አልገለጠም።

«ተኛ መሰለኝ» አለች እማዬ። አልተኛም። አተነፋፈሱ የሚተኛ ሰው አልነበረም። ብርሃኑ ይሆናል፣ ዝናብ ስለያዘ ክፍሉ ጨለማ ነው።

ሰኔ 16

መስኮቱ አጠገብ ሞከርን። ጨፈነ።

ሰኔ 18

በሩ ላይ፣ መብራት በርቶ። ጨፈነ። የሚገርመው፣ ስልኩን አልጋው ላይ ሳስቀምጠው ይገልጣል። ሳነሳው ይጨፍናል። ስልኩ ዐይኑን እያሳመመው ይሆን?

እማዬ «ልጅ ነው እንዴ ይሄ ሰውዬ!» ብላ ወጣች። ከዚያ ከደጅ ተመልሳ ብርድ ልብሱን እግሩ ላይ አስተካከለችለትና እንደገና ወጣች።

ሰኔ 22

ጋሼ መጣ። ጋሼ የአባዬ ታናሽ ወንድም ነው። ሲመጣ ሁልጊዜ ደህና ልብስ ለብሶ ነው፣ በደረት ኪሱ ማበጠሪያ አይጠፋም። የሆስፒታሉን ሁሉ የከፈለው እሱ ነው። እማዬ እሱ ሲመጣ ድምጿ ዝቅ ይላል።

ነገሩን ሲሰማ ሣቀ። «ይሄ ምን ችግር አለው? ውክልና ስጡኝ። እኔ ፊቴ ምንም አልሆነም። ስልኩም ቢሮውም የኔ ጣጣ ይሆናል፣ እናንተ አርፋችሁ ትቀመጣላችሁ።»

እማዬ ሻይ ቀዳችለት።

«ደግሞ እትዬ፣ ዕድሜ ልካችንን ሾፌር ስንለማመጥ አንኖርም። ጓሮውን አፍርሰን ጥሩ ጥሩ ክፍል እንሥራበት። ወንድሜ ታሞ ተኝቶ በዚህ ኪራይ ትኖራላችሁ? እኔ እኮ ያዝናል ልቤ።»

እውነቱን ነው የሚናገር የሚመስለው። ልቡም ያዝናል መሰለኝ። ግን አባዬ ከጓዳው አንድ ነገር አለ፣ ጮክ ብሎ። እማዬ ገባችና ወጣች።

«ምን አለ?» አላት ጋሼ።

«ውሃ ነው የጠየቀው።»

አልጋው አጠገብ ያለው ውሃ እንደሞላ ነበር። ልናገር ፈለግኩ። ከንፈሬን እንኳ አላንቀሳቀስኩም። ለዚህ ነው ሹክሹክታም የሚበዛብኝ።

ሰኔ 27

ጸጉር ቆራጩ አባዬን ሊላጭ ገባ። ገንዘብ አይቀበልም፣ «ከኪራዩ ላይ ትቀንሱልኛላችሁ» ይላል፣ ከኪራዩም ላይ አያስቀንስም። አፑ ላይ እንዴት እንደሚገባ አላውቅም።

እየላጨው ያወራዋል። እንደ ድሮው ያወራዋል። ስለ ሾፌሩ፣ ስለ ጣሪያው ጠብታ፣ ጢሙ ቶሎ የሚያድግ ሰው ዕድለኛ ነው ስለሚባለው። መልስ ባያገኝም መልስ እንዳገኘ ሰው ይሣቃል። ሲጨርስ በልማዱ የእጅ መስታወቱን አውጥቶ ፊቱ ላይ ያዘለት።

አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ጸጉር ቆራጩ መስታወቱን ፈጥኖ ኪሱ ከተተው። ሳሙናውን ሳይጠርገው ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ። ስልኩ እንኳ አልጮኸም፣ ለምን እንደቸኮለ እንጃ።

የእኛ ትልቁ መስታወት ቁም ሣጥኑ ኋላ በአንሶላ ተጠቅልሎ ነው ያለው። አባዬ ከሆስፒታል የወጣ ቀን እማዬ ፍሬሙ ይሠራ ብላ አወረደችው። እስካሁን አልተሠራም። ምስማሩ ግን ግድግዳው ላይ አለ። እኔም መስታወት ብዙ ስለማልወድ አልጠየቅኩም።

ሰኔ 29

አንድ ነገር ሞከርኩ። የስልኩን ስክሪን ከደብተሬ በቀደድኩት ወረቀት ሸፈንኩት፣ ለካሜራዋ ቀዳዳ ብቻ ተውኩ። ብርሃኑ እንዳያንጸባርቅበት ነው አልኳት ለእማዬ።

ስልኩን ያዝኩለት። እኔ ከስልኩ ኋላ ነበርኩ። ዐይኑን ገለጠ። ወረቀቱን አየ፣ ከዚያ በወረቀቱ ላይ አሻግሮ እኔን አየኝ። ሰው ሲያየኝ አንገቴን መድፋት ልማዴ ነው፣ ዛሬ ግን ስልኩን ስለያዝኩ መድፋት አልቻልኩም። ተያየን።

«ፈገግ ይበሉ» አለች ሴትዮዋ።

ፈገግ አለ። በግራው በኩል ነው ፈገግታው የሚወጣው፣ የቀኙ እንዳለ ይቀመጣል። ስንት ጊዜ ሆነኝ ፈገግታውን ካየሁ!

«ፊትዎ ከመታወቂያው ምስል ጋር አልተመሳሰለም። እባክዎ ባለንብረቱን ያቅርቡ።»

እማዬ ስልኩን ቀማችኝ። «ባለንብረቱማ ይሄው!» ብላ ጮኸችባት። ሴትዮዋ መልሳ፣ በጨዋ ድምፅ፣ «እባክዎ ባለንብረቱን ያቅርቡ» አለቻት።

ሐምሌ 3

ይህን ለማንም ማውራት አልፈልግም፣ ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

እማዬ ጠዋት ተነስታ «የሚመሳሰል ፊት ነው አይደል የምትፈልገው? እንሰጣታለን» አለች። ሳሎን ግድግዳ ላይ የአባዬ ፎቶ አለ፣ ትልቁ፣ ቤቱን የጨረሰ ዓመት የተነሳው። ክራቫት አድርጓል። እማዬ አወረደችው፣ አቧራውን በቀሚሷ ጠረገችው፣ ወንበር ላይ አቆመችው። ስልኩን እኔ ያዝኩ።

ነገሩ ልክ እንዳልሆነ አውቅ ነበር? አላውቅም። ደክሞን ነበር። ፎቶውም እኮ እሱ ነው።

«ፊትዎን በክቡ ውስጥ ያድርጉ» አለች ሴትዮዋ። አገባነው። ልክ መጣ፣ ክቡ አረንጓዴ ሆነ። እማዬ እጄን ጭብጥ አድርጋ ያዘች።

«ዐይንዎን ጨፈን ገለጥ ያድርጉ።»

ሁለታችንም ፎቶውን አየነው። እማዬ ፍሬሙን ወዘወዘችው፤ ሲወዘወዝ የሚጨፍን መስሏት ይሆን? እኔ ልሣቅ ደርሼ ነበር።

ከዚያ ሴትዮዋ በዚያው በጨዋ ድምፅ «ሕያው ፊት አልተገኘም» አለች። ደገመችው። «ሕያው ፊት አልተገኘም። ምዝገባው ታግዷል።»

የጓዳው በር ክፍት ነበር። እማዬ ስልኩን ለማጥፋት ተሯሯጠች፣ የቱን እንደምትጫን ግን አታውቅም፣ እኔም የተሳሳተውን ነካሁ። እስክናጠፋው ሌላም ጊዜ አለችው።

አባዬ ቀኑን ሙሉ ምንም አልጠየቀም፣ ውሃም ቢሆን።

ሐምሌ 4

መልእክት መጣ። ባለንብረቱ በሕይወት ስለመኖሩ ማረጋገጫ ይቅረብ ይላል። በሕይወት ከሌለ ወራሾች ይቅረቡ ይላል።

እማዬ አንብቢልኝ አለች። የመጀመሪያውን ብቻ አነበብኩላት።

ሐምሌ 7

ጋሼ ሲሰማ ወገቡን ይዞ ሣቀ። «ወንድሜን ገደላችሁት በሉኛ! ሳልቀብረው!» እያለ ወደ ጓዳው ገባ፣ ለአባዬም ሊያወራለት። ትንሽ ቆይቶ ሲወጣ ሣቁ የለም። ማበጠሪያውን አውጥቶ የተበጠረውን ጸጉሩን አበጠረ።

«አለቀሰ እንዴ?» አለችው እማዬ ቀስ ብላ።

«እንጃ። አንደኛው ዐይኑ ሁልጊዜ ያነባል አይደል?»

እኔ ሻይ ቀዳሁ፣ ግማሹን ሳህኑ ላይ ደፋሁት።

ሐምሌ 12

ግብር ቢሮ ሄድኩ፣ ብቻዬን። እማዬ አባዬን ጥላ መሄድ ስለማትችል። የምለውን መንገድ ሙሉ አጠናሁ፦ «አባቴ በሕይወት አለ፣ ታሞ ፊቱ ተለውጦ ነው፣ ምን እናድርግ?»

ወረፋው ኮሪደሩን ዞሮ ደረጃ ላይ ደርሷል። ወረፋ ቀረ ያለው ማነው? ተራዬ ደርሶ መስኮቱ ውስጥ ያለችው ሠራተኛ «እሺ የኔ እህት?» ስትለኝ ያጠናሁት ሁሉ ጠፋ። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ «ልጅቷ ካልተናገረች እኛ እንናገር» አለ። ከወረፋው ወጣሁ። ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ክፍል ውስጥም እንዲህ ነበርኩ። አስተማሪው ስሜን ሲጠራ የማውቀውን መልስ ዐይኔን ጨፍኜ ነው የምጠብቀው፣ እስኪያልፈኝ። ሲያዩኝ ካላየሁ የሌለሁ ይመስለኝ ነበር።

ይህን ስጽፍ አባዬ ትዝ አለኝ። ለምን እንደሆነ…

ተመልሼ ተሰለፍኩ። ሊዘጉ ሲሉ ደረስኩ። ቃል መናገር አቃተኝ፣ የስልኩን መልእክት ብቻ በመስታወቱ በኩል አሳየኋት። አንብባ ጨረሰችና «ራሳቸው ይምጡ» አለች። «አዲስ ፎቶ አነሳቸዋለሁ፣ ያሁኑን ፊታቸውን። ከዚያ ስልኩ ያውቃቸዋል። ካልፈለጉ ደግሞ እዚሁ በጣት አሻራ ውክልና ይሰጣሉ። ሁለቱም ይሆናል። ግን ራሳቸው ይምጡ።»

ሐምሌ 14

እማዬና ጋሼ ተስማሙ፦ ውክልና።

«እዚያ ድረስ አንገላተን ካመጣነው በኋላ አንድ አሻራ ነው፣ አለቀ» አለ ጋሼ። «አሁን ያንን ፊት አዲስ መታወቂያ ላይ…» አለና ተወው።

እማዬ ጓዳ ገባች፣ ነገረችው። የእሱ ድምፅ ተሰማኝ፣ ረጅም ነበር። ስትወጣ «እሺ ብሏል» አለች።

እሺ እንደዚያ ይረዝማል?

ሐምሌ 21

ዝናብ። ጣሪያው በሾፌሩ በኩል እያፈሰሰ ነው። ዳቦ ቤት የምትሠራው ሴትዮ ዕቃዋን በካርቶን ማድረግ ጀምራለች። ጓሮው ሊፈርስ ነው ብሎ ማን ነገራት? «ራሴን ላስለምድ ብዬ ነው» አለችኝ። «ሰው ሳይነገረው ሲዘጋጅ አይከፋም።» አንድ ዳቦ ሰጠችኝ፣ ገና ትኩስ ነበር።

ሐምሌ 26

እማዬ ዛሬ ልብስ እያጣጠፈች ሳለ ለራሷ፣ «ሁሉንም እኔ። የሱንም አፍ እኔ፣ የቤቱንም አፍ እኔ» ስትል ሰማኋት። ከዚያ አየችኝ። «ምን ታያለሽ? እጠፊ» አለች። አንሶላውን ጫፍና ጫፍ ይዘን አጠፍነው። እጇ በረኪና ይሸታል። ከእኔ ሌላ ልጅ ቢኖራት፣ የሚናገር ልጅ፣ ይሻላት ነበር።

ነሐሴ 2

አሁን አባዬን ምሳ የማበላው እኔ ነኝ፣ እማዬ ትንሽ እንድታርፍ። ዝም ብዬ ስለማበላው እሱ ነው የሚያወራው። እኔ እሰማለሁ። መስማት እችልበታለሁ፣ ሌላ የማደርገው የለኝም።

አንድ ነገር አገኘሁ። ፊደሎቹ ናቸው የረገፉት እንጂ ዜማው እንዳለ ነው። ድሮ «በቃኝ» ሲል መጨረሻው ላይ እንደሚያስረዝመው አሁንም ያስረዝመዋል። ሲጠይቅ ከፍ ይላል። ሲቀልድ፣ ከመቀለዱ በፊት፣ በአፍንጫው ትንሽ ይተነፍሳል። ቃሉን ከመስማት ዜማውን መስማት ይቀላል።

ዛሬ ድምፅ አሰማ፣ እኔ ጨው ሰጠሁት። ቀምሶ ራሱን ነቀነቀ። ጨው ነበር!

ነሐሴ 5

ሾፌሩ ኪራይ ከፍሏል፣ የሁለቱንም ወር። «ከመፍረሱ በፊት ዕዳ አይኑርብኝ» አለ። አልቀለደም።

ነሐሴ 9

አባዬን «ውክልናውን እሺ ብለሃል?» ብዬ ልጠይቀው ብዬ ማንኪያውን ይዤ ቆየሁ። ሾርባው ቀዘቀዘ። አልጠየቅኩትም።

ነሐሴ 15

ነገ ነው ግብር ቢሮ የምንወስደው። ጸጉር ቆራጩ ላጨው። መስታወት አላወጣም። የድሮ ኮቱን አወጣንለት፣ ሰፍቶታል። እማዬ ቆቡንም አደረገችለት፣ ለብርዱ።

ነሐሴ 16

ከመጀመሪያው እጽፋለሁ፣ እንዳይጠፋብኝ።

ጋሼ መኪና ይዞ መጣ። ጸጉር ቆራጩም አብሮን ሄደ። ቢሮው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ አሳንሰሩ ተበላሽቷል የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ጋሼ ኮቱን ሳያወልቅ ጎንበስ አለና «ና ውጣ» አለው አባዬን። «ልጅ ሆኜ አንተ ታዝለኝ የለ?» አዘለው። ደረጃው መሀል ላይ ሲደርስ ያለከልክ ነበር፣ ግን ለጸጉር ቆራጩ አልሰጠውም።

ሠራተኛዋ ያችው ናት፣ አስታወሰችኝ። ወንበር አመጣችለት። «አባቴ፣ ደህና መጡ» አለችው። ከሁላችን አስቀድማ እሱን ሰላም አለችው። «ፎቶ ነው ውክልና?»

«ውክልና» አለ ጋሼ፣ ግንባሩን እየጠረገ።

«መጀመሪያ ፎቶውን እንሞክር። ከሆነ ውክልና ምን ያደርግላችኋል? ካልሆነ ቀለሙ ይሄው።» የአሻራውን ቀለም ከፍታ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጠች።

ካሜራውን ወደ እሱ አዞረች። ከካሜራው ሥር ስክሪን አለ፣ ሰፊ፣ ከስልክ የሚበልጥ። የሚሸፍነው ወረቀት አልነበረኝም። «ቆብዎን ያውልቁልኝ» አለች። እማዬ አወለቀችለት።

አባዬ ስክሪኑን አየ።

እንደሚጨፍን እርግጠኛ ነበርኩ። እኔ ጨፈንኩ። ስገልጥ ግን አሁንም እያየ ነው። ያንን ግራ ፊት አየ፣ ቀኙን አየ። የማያውቁትን ሰው በር ላይ ሲያገኙት እንደሚያዩት፣ ይግባ አይግባ እያሉ። ማንም አልቸኮለበትም። ከዚያ ተናገረ። አጭር ነበር።

ሠራተኛዋ «ምን አሉ?» አለች።

«ደከመኝ ነው የሚለው» አለች እማዬ። ድምጿ እየተሰበረ። «ይቅርብኝ፣ ልፈርምና ወደ ቤቴ ልሂድ ነው የሚለው።»

ሠራተኛዋ ቀለሙን ወደ እሱ ገፋችው። ጋሼ ወረቀቱን ለማውጣት እጁን ኪሱ ከተተ።

«አይደለም።»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። እኔ መሆኔን ያወቅኩት ስላዩኝ ነው።

«አይደለም» አልኩ እንደገና። አንገቴን አልደፋሁም፣ የምደፋበት ጊዜ አልነበረም። «እንደዚያ አላለም። ‹ቆይ፣ ጸጉሬ› ነው ያለው። ጸጉሬ አልተበጠረም ነው የሚለው።»

እማዬ አፏን ይዛ ቀረች። አባዬ በአፍንጫው ትንሽ ተነፈሰ። ከዚያ ግራ እጁን አንስቶ ቆቡ ያጎሳቆለውን ጸጉሩን ነካ፣ ደግሞም ተናገረ፣ ያንኑ፣ በዚያው ዜማ። አሁን ሁሉም ሰሙት።

ጋሼ ከኪሱ እጁን ሲያወጣ ወረቀቱም ማበጠሪያውም አብረው መጡ። ወረቀቱ ወለሉ ላይ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ አየው፣ አላነሳውም። ወንድሙ አጠገብ ሄዶ ቆመና ጸጉሩን አበጠረለት፣ በጎን በኩል ከፍሎ፣ ያ ግድግዳው ላይ ያለው ፎቶ ላይ እንዳለው። አሁንም ያለከልክ ነበር፣ ደረጃው ይሆናል።

«ፈገግ ካሉም ደስ ይለኛል» አለች ሠራተኛዋ።

በግራው በኩል ፈገግ አለ።

ኮሪደሩ ላይ ስልኩን አውጥቼ ያዝኩለት፣ ያለ ወረቀት። «ፊትዎ ተረጋግጧል። እንኳን ደህና መጡ» አለች የስልኩ ሴትዮ። ጸጉር ቆራጩ ኮሪደሩ ውስጥ አጨበጨበ፣ ወረፋው ሁሉ ዞረ።

መኪናው ውስጥ እማዬ መስኮት መስኮቱን እያየች መጣች። ሰፈር ስንደርስ ቀስ ብላ «እኔ ሌላ ነው የሰማሁት» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ፣ «የራሴን መሰለኝ የሰማሁት» አለች።

እጇን ያዝኩት።

ነሐሴ 19

የመጀመሪያውን ሪፖርት ላክን። አባዬ አጠገቤ ተቀምጦ እሱ ይላል፣ እኔ እጽፋለሁ። የሾፌሩን ሲደርስ አስቆመኝ፤ ለካ ሾፌሩ ባለፈው ክረምት በሩን በራሱ ገንዘብ አስጠግኖ አልታሰበለትም። ጭንቅላቱ ውስጥ ሁሉም እንዳለ ነው። ሾፌሩ ትርፍ ከፍሏል ማለት ነው። ስነግረው «አሁን እኔ ነኝ ከቤቱ ግብር የምሰበስበው!» ብሎ ግቢውን አናጋው። ዳቦ ቤት የምትሠራው ሴትዮ ካርቶኖቿን ለማገዶ ሰጠችን።

ቢሆንም ደክሞኛል። ሁላችንም ደክሞናል። የሲሚንቶው ደረሰኝ አሁንም አይነበብም። ጣሪያው አሁንም ያፈሳል። ጋሼ ከዚያን ቀን ወዲህ አልመጣም፣ ይመጣል መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ አባዬ መስታወት ጠየቀ። እማዬ ከእኔ እኩል ነው የሰማችው። ከቁም ሣጥኑ ኋላ ጎተትኩት፣ አንሶላውን ፈታሁት፣ ምስማሩ ላይ ሰቀልኩት። እማዬ ዐይኗን ሳታሽ፣ «ፍሬሙ ተሠርቶ መጣ» አለች። ፍሬሙ እንደተሰበረ ነው።

ስሰቅለው እኔም ውስጡ ነበርኩ። ትንሽ ቆምኩ።

የሚቀጥለው ሪፖርት ከሦስት ወር በኋላ ነው፣ ያኔም የስልኩ ሴትዮ ፊቱን ትጠይቃለች፣ ከዚያም በየሦስት ወሩ። የጋሼ ማበጠሪያ በአባዬ ኮት ኪስ ውስጥ ቀርቶ ተገኘ። ላኩልኝ አላለም። ከስልኩ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ።